ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቆጣሪው ለምን ይሠራል?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። የትምህርት ቤት መብራት፣ የትምህርት ቤት ውሃ፣ በየወሩ የሚመጣው ቢል። «ስንት ትልቅ ጉዳይ እያለ ስለ አምፖል ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግድ የላችሁም፤ እስከ መጨረሻው ታግሳችሁ አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ረፋድ ላይ በአራዳ በኩልም ይሁን በሌላው የጎንደር ሰፈር በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩ። በሩ ተቆልፏል። ተማሪ የለም፣ መምህር የለም። ጥበቃው ጥግ ይዞ ፀሐይ ይሞቃል። በረንዳው ላይ ግን ትናንት ማታ የበራው መብራት በጠራራ ፀሐይ ቦግ እንዳለ ነው። ሽንት ቤቱ በኩል በደንብ የማይዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ቢሮ ውስጥ ዓርብ ያልጠፋ ኮምፒውተር አለ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድም ቀን ያላየ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም አይተን አልፈናል።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ለመብራትና ለውሃ የሚያወጡትን ገንዘብ መቀነስ የሚጀምሩት የገዛ ራሳቸውን ቆጣሪ በማንበብ ነው። አዲስ ዕቃ መግዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን ሥራ ደግሞ እኛ ወጣቶቹ ልናግዛቸው እንችላለን።

እስኪ በሰዓት እንጀምር። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ተማሪ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ግቢው ውስጥ ይቆያል ብንል 40 ሰዓት ነው። የቀረውን 128 ሰዓት ሕንፃው ባዶ ነው። የማታ ትምህርት ያለበት ቦታ እንኳ ባዶው ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንማር ስንት እናጠፋለን?» የሚለው አይደለም። «ማንም በሌለበት ስንት ይጠፋል?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ከወትሮው ይልቅ ዛሬ የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ጭማሪው በአንድ ቀን አልተጫነም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጎ የወጣ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አንዲት አምፖል ሳይጨምር፣ እንደ አምናው ብቻ እየተጠቀመ፣ ዘንድሮ ከአምናው በላይ ይከፍላል። ከርሞ ደግሞ ከዘንድሮው በላይ። አምና ችላ ያልነው ብክነት በየጊዜው እየተወደደ ይሄዳል ማለት ነው።

የሚከፈለው ገንዘብ ከሌላ ቦታ አይመጣም። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ፣ የተሰበረ ዴስክ ማሠሪያ ከሚወጣበት ከዚያው ኪስ ነው። በክልላችን ባለው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነው በከረሙበት ጊዜ በሩን ከፍቶ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አንዲት ብር የምትባክን የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የመብራቱንም የውሃውንም ቆጣሪ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተማሪ ሳይገባ፣ እንደገና አንሱ። በመካከሉ ያለው 62 ሰዓት ተኩል ነው። ከሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ማንም ሳይማርበት የተከፈለበት ነው። ለጥበቃ የሚያስፈልገውን የሌሊት መብራት ሒሳቡን አውጡና ተቀናሽ አድርጉለት። ከዚያ በላይ የሆነውን ግን «ይህ የት ሄደ?» ብላችሁ ፈልጉ።

የውሃውን ስታነቡ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው ሌሊት ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ሮቶው ከሞላና መግቢያው ከተዘጋ በኋላ በግቢው ውስጥ የሚወርድ ካለ ለማወቅ የሮቶውን ከፍታ ማታ ምልክት አድርጋችሁ ጠዋት ተመልከቱ። ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት በአንድ ቦታ ይፈሳል። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ደግሞ ከሥሩ ጆግ አስቀምጡና የአንድ ሰዓቱን ለኩ፤ በ24 አባዙት። ከዚያ ጎሚኒውን ለመቀየር የሚወጣውን ዋጋ ጠይቁ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ስታዩት ሰው እስካሁን ለምን ዝም እንዳለ ይገርማችኋል።

እኛ ጎንደሮች የውሃን ነገር ለሌላ ሰው ልንነግር እንችላለን። የአንገረብ ግድብ በደለል ምክንያት የሚይዘው ውሃ እየቀነሰ ከመጣ ቆይቷል። ከተማዋ ግን እየሰፋች ነው። ቤት ውስጥ በጀሪካን ተራ ጠብቆ የሚቀዳ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ በነጻ የሚፈስ ቧንቧ አልፎ ወደ ክፍል ይገባል። በሮቶው ያለው ሌሊት ፈስሶ ካደረ ቀን ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፤ እጅ መታጠቢያ የለም። በዚህ ይበልጥ የሚቸገሩት ሴት እህቶቻችን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

ወደ መብራቱ እንመለስ። አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ለምሳሌ ያህል ነው። 24 ክፍል ያለው ትምህርት ቤት እናስብ። በየክፍሉ 4 ረጃጅም ፍሎረሰንት አለ። አንዱ 36 ዋት ይባል እንጂ ከነባላስቱ ወደ 45 ዋት ይወስዳል። ሁሉም ሲበሩ 4.32 ኪሎዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 20 ቀን ቢበራ 691 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በእነሱ ፋንታ 18 ዋት የሆነውን የኤልኢዲ ዘንግ ብንተካ ወደ 276 ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ነገር ግን ቆም ብለን እንጠይቅ። ቀን 8 ሰዓት ሙሉ መጀመሪያ ለምን በራ? ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ቀኗ በአጭሩ ወቅት እንኳ ከ11 ሰዓት የማያንስ ከተማ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ ከሰዓት የሚወጣ ተማሪ ከጥቂት የክረምት ቀናት በቀር መብራት አያስፈልገውም። በዚያው ትምህርት ቤት በ8 ክፍሎች የማታ ተማሪዎች ለ3 ሰዓት ቢማሩ፣ በኤልኢዲው 35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። ዳመናማ ቀናትን ጨምረን እጥፍ እናድርገው፤ 70። ከ691 ወደ 70! የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከትምህርት ቤቱ ቢል ላይ አንብባችሁ ልዩነቱን አባዙት። እኔ የብሩን ቁጥር የማልጽፈው ታሪፉ ስለሚቀያየር ነው፤ የናንተን ቢል የሚያውቀው ያው ቢሉ ነው።

«ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ነው የምናበራው» ይባላል። እውነት ነው፣ ጨለማ ነው። ለምን ጨለመ? መስኮቱ የቆርቆሮ ስለሆነ ብርድ ሲመጣ ሲዘጋ ብርሃኑም አብሮ ይዘጋል። መስታወት ያለው ደግሞ ለዓመታት አልታጠበም። ግድግዳው ታችኛው ግማሽ በጥቁር አረንጓዴ ወይም በቡኒ ቀለም ተቀብቷል። ኮርኒሱ ጠቁሯል ወይም ጭራሽ የለም። መስኮቱ ሥር ቁም ሣጥን ቆሟል። የእነዚህ መድኃኒት ሳሙና፣ ነጭ ቀለም፣ ዕቃ ማዛወርና በጣሪያው ላይ ሁለት ሦስት ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ማስገባት ነው። በየክረምቱ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የምንወጣ ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት እንደምናድስ ሁሉ አንድ ብሎክ ነጭ መቀባት አያቅተንም።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በብዙ ክፍል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉንም መብራት በአንድ ላይ ያበራል። በመስኮት በኩል ያለው ረድፍ ለብቻው፣ በውስጥ በኩል ያለው ለብቻው ቢሆን ዳመና ሲሆን ግማሹ ብቻ ይበራል። ይህ ለአንድ ኤሌክትሪሺያን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሙያውን የተማሩ ስንት ልጆች በመካከላችን አሉ!

ከመብራቱ በላይ የሚበላው ግን የሚያሞቅ ነገር ነው። ይህን ሕግ ያዙ፦ የሚያሞቅ ሁሉ በላተኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚወስደው አንድ 18 ዋት ዘንግ መብራት ከ160 ሰዓት በላይ ያበራል። የግቢው ሻይ ቤት ለግለሰብ ተከራይቶ ምጣዱና ምድጃው በትምህርት ቤቱ ቆጣሪ የሚሠራ ከሆነ፣ ተማሪው ሳያውቀው የሻይ ቤቱን መብራት እየከፈለ ነው። ለሻይ ቤቱ የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ይደረግለት፤ የተጠቀመበትን ይክፈል። ማንንም አይጎዳም፣ ፍትሕ ነው። በመምህራን ማረፊያም ውሃን አሥር ጊዜ ከማፍላት አንድ ጊዜ አፍልቶ በፔርሙስ መያዝ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው።

ኮምፒውተርም አለ። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ በግምት 100 ዋት ይወስዳል። 30 ኮምፒውተር ያለው ክፍል ሳይጠፋ 15 ሰዓት ቢያድር 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በአንድ ሌሊት። ከላይ ያየነው የማታ ትምህርት በወር ከሚፈልገው ይበልጣል። የጥበቃ ፓውዛም እንዲሁ ነው። 500 ዋት የሆነው አሮጌው ፓውዛ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ሲበራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 50 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ ግን 18።

ይህ ሁሉ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግድቦች ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ለሕዝቡ አከፋፍሎ ነበር። ያኔ ባለ 60 ሻማ አምፖሉን ፈትቶ ቆጣቢውን ያሰረ ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ያንኑ ብርሃን 9 ዋት የማይሞላ ኤልኢዲ ይሰጣል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም ስለ ኃይል ቁጠባ የሚናገር የኢነርጂ አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 810 ነው። ነገር ግን አዋጅ ሄዶ የበረንዳ መብራት አያጠፋም።

ዕቃ ስንገዛም ልምድ አለን። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄድ ነበር፤ በቀጥታ የሚተላለፍ ስለነበር ያመለጠው አይደገምም። አንድ ዕቃ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት «ስንት ዋት ይወስዳል? መብራት ሲጠፋስ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ የምንማረው ነው።

አሁን የሚነሱ ተቃውሞዎችን እንይ።

«የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ ለምን እንቆጥባለን?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግድቡ ግን ኃይል ሰጠን እንጂ ቢል አልሰረዘልንም። ቆጣሪው ኃይሉ ከጣና በለስ ይምጣ ከጉባ አይጠይቅም። በግድቡና በክፍላችን መካከል ደግሞ መስመርና ትራንስፎርመር አለ፤ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ሲጨናነቅ የሚጨልመው ቤታችን ነው።

«ሶላር ይግባልንና እንገላገል» የሚሉም አሉ። ሶላርን አልቃወምም፤ የጎንደር ፀሐይ ለዚህ የተመቸች ናት። ግን ቅደም ተከተል አለው። በወር 691 ለሚያባክን ሕንፃ የሚገዛው ፓኔልና ባትሪ በ70 ለሚበቃው ከሚገዛው ብዙ እጥፍ ነው። ባትሪ ደግሞ ዕድሜ አለው፤ ከዓመታት በኋላ ይቀየራል። የሚያፈስ እንስራ ይዞ ትልቅ ምንጭ መፈለግ ይሆናል። መጀመሪያ እንስራውን እንድፈነው።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ መንግሥት ይክፈል» የሚለው ከሁሉም የከፋ ነው። መንግሥት የሚከፍለው ከእኛው ግብር ነው። እዚህ ላይ ግን ለኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። አንድ ትምህርት ቤት ቆጥቦ ያተረፈው ገንዘብ ወደ ቢሮ ተመልሶ ከሄደ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይቆጥብም። የተረፈው እዚያው ይቅር፤ መጽሐፍ ይገዛበት፤ ስንት እንደተረፈና ምን እንደተገዛበት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት በየስብሰባው የቢሉን ነገር ይጠይቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ ሊያማችሁ ይችላል።

ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ሊሠራ ነው ሲባል ማኅበረሰባችን ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ የሚሰጥ አለ፣ ቆርቆሮ የሚሰጥ አለ፣ ወርቋን አውልቃ የምትሰጥ እናት አለች። አልሐምዱሊላህ። ሕንፃው ቆሞ ሲመረቅ ሁሉም ሰደቃው እንደሚቀጥል ተስፋ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሕንፃ ግን አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቢሉ በየወሩ ይመጣል። ለቢሉ ያሰበ የለም። ገንዘቡ ሲያጥር የሚጨመረው የወር ክፍያ ነው። ክፍያ ሲጨመር መጀመሪያ የሚወጣው የሀብታሙ ልጅ አይደለም። የቀን ሠራተኛው ልጅ ነው፤ ጉሊት የምትቸረችረው እናት ልጅ ነው። ወርቋን የሰጠችው እናት የሰጠችው ለዚያ ልጅ ነበር። በባዶ ክፍል የሚነድ መብራት እሱን ከክፍል ሲያስወጣው ዝም ብሎ ማየት ምን ይባላል? ኢስራፍ ምን እንደሆነ በሰርግና በምግብ ላይ ስንሰማ ኖረናል። በወቅፍ ንብረት ላይ ሲሆን ደግሞ አማናም አለበት።

ሌሎች ሙስሊሞች ይህን አስበውበታል። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ስድስት መቶ መስጂዶቿን ኃይል ቆጣቢ ለማድረግ ዕቅድ አውጥታ በኤልኢዲ መብራት፣ በፀሐይ የውሃ ማሞቂያና በሶላር ፓኔል ሥራ ጀመረች። በማራከሽ ያለው፣ ዕድሜው ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የኩቱቢያ መስጂድ ሳይቀር ሶላር ተገጠመለት።

አዲስ ለሚሠራም ምሳሌ አለ። የቡርኪናፋሶ ተወላጁ ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ በጋንዶ የሠራው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ከመንደሩ ሰው ጋር በሸክላ ጡብ ሠርቶ፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ነፋስ በመካከል እንዲያልፍ አደረገ። ክፍሉ ያለ ማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛል። በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተሰጠው። የእኛ ደጋ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን ጨለማና ብርድ ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲያዩ የሚሠራ ብሎክ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል፤ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያየ ግን ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዓይን ላይ ስለምትወጋ መጋረጃ ይዘጋና መብራት ይበራል። ይህን ከመሠረቱ በፊት ማሰብ አንዲት ብር አይጨምርም። ቀጣዩ መድረሳ ሲታሰብ ኮሚቴው ውስጥ ገብታችሁ «መስኮቱ ወደየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ ላይክ አድርጋችሁ ብቻ እንዳትሄዱ። ሦስት አራት ሆናችሁ የተማራችሁበትን ወይም ታናናሾቻችሁ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ምረጡ። ርዕሰ መምህሩን በአክብሮት አነጋግሩና ፈቃድ ውሰዱ፤ ስህተት ልትፈልጉበት ሳይሆን ልታግዙት እንደመጣችሁ ንገሩት። ዓርብ 11 ሰዓት አንብቡ፣ ሰኞ 1 ሰዓት ተኩል አንብቡ። ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉለት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የምትማሩ ልጆች ሽቦውን ባለሙያ እንዲያየው አድርጉ፤ ሙያ የሌለው ሰው ሽቦ አይንካ። በግቢው ሚኒ ሚዲያና ክበብ ካለ ልጆቹ ራሳቸው በየሳምንቱ ቁጥሩን እንዲያነቡ ስጧቸው። በየክፍሉ መጨረሻ የሚወጣ አንድ ተማሪ መብራት የማጥፋት ተራ ይያዝ።

ያነበባችሁትን የዓርብና የሰኞ ቁጥር፣ የትምህርት ቤቱን ስም ሳትጠቅሱ፣ ከታች ጻፉልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ተመልሰን እናነጻጽራለን።